ሜዳ ለማየት 630 ኪሎ ሜትር? ስለ ቫል ማሪ፣ ሳስካችዋን የምታውቁ እስቲ ተናገሩ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ካልጋሪ ነው። በኦገስት ረጅም ዊኬንድ ሁልጊዜ ወደ ተራራው ነው የምንነዳው። ባንፍ ደርሰን ደግሞ ግማሹ ቀን መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ያልቃል። ዘንድሮ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሜዳው ልሂድ ብያለሁ። ያሰብኩት ቫል ማሪ የምትባል መንደር ነው። ደቡብ ምዕራብ ሳስካችዋን ውስጥ ናት፤ ከሞንታና ድንበር ብዙም አትርቅም። ነዋሪዋ መቶ ከምናምን ሰው ነው። ዙሪያዋን ያለው የገጠር ማዘጋጃ ቫል ማሪ ቁጥር 17 ይባላል፤ ከብት አርቢና እህል አምራች ነው ያለበት። ግራስላንድስ ብሔራዊ ፓርክም እዚያው ነው። ባለቤቴ ሜዳ ለማየት 630 ኪሎ ሜትር ይነዳል ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ልጆች ይዞ ለሦስት ቀን የሚበቃ ነገር አለ? የገጠሩን ሰው ኑሮስ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል ወይስ ከመኪና መስኮት ብቻ ነው?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሱ በዛ፣ የውይይቱ ክር ረዘመ። አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን በየመልሱ ቁጥር እዚሁ ሥር እተርክላችኋለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ ቢገለበጥም አያምርም።

ቁጥር 1 ሪጃይና የሚኖር ጨዋ ሰው ነው። ጤና ይስጥልኝ ብሎ ጀምሮ መንገዱን ዘረዘረ። በአንደኛው ሀይዌይ ሜዲስን ሃትን አልፎ እስከ ስዊፍት ከረንት፣ ከዚያ በአራተኛው ሀይዌይ ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነዳጁን ስዊፍት ከረንት ላይ ሙሉ አድርጉ አለ። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ስለማይታመን ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ሳስካችዋን እንደ ሌላው ሰዓቷን በዓመት ሁለቴ አታዞርም፤ በኦገስት ከአልበርታ ጋር እኩል ናት፣ ሰዓታችሁን አትንኩ አለ። ለመንገድ ጥያቄ ከዚህ በላይ መልስ አልፈልግም።

ቁጥር 2 አንድ መስመር ነው የጻፈው። ሜዳና ነፋስ ብቻ ነው፣ ብርህን ለባንፍ አውለው የሚል። ሄደህ ታውቃለህ ወይ ሲባል በሀይዌይ እንዳለፈ ብቻ መለሰ። ይህ ሰው ኋላም ስለሚመጣ አትርሱት።

ቁጥር 3 ሳስካቱን የምትኖር እናት ናት። ልጆቿን ይዛ ሄዳለች፣ በደንብም ጽፋለች። በፓርኩ ምዕራባዊ ክፍል ፍሬንችማን ወንዝን እየተከተለ የሚሄድ የጠጠር መንገድ አለ። እዚያ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ነው ጨዋታው። ልጆቿ ያበዱለት ፕሪየሪ ዶግ ነው። ስሙን ውሻ ይበሉት እንጂ ሽኮኮ ቢጤ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ነው። በኋላ እግሩ ቆሞ ይጮሃል፣ ሰው ሲቀርብ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። በካናዳ በዱር የሚገኘው እዚህ አካባቢ ብቻ ነው። ከጉድጓዶቹ በአንዱ ውስጥም ትንሽ ጉጉት አይተዋል። ይህች ጉጉት ሌሎች ቆፍረው የተዉት ውስጥ ነው የምትኖረው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩላት ግን ስለ ድንጋዩ የጻፈችው ነው። በሜዳው መሀል ብቻውን የቆመ ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ የበረዶ ዘመን ግግር ከሰሜን አምጥቶ የጣለው። ባይሰኖች፣ እነዚያ የሰሜን አሜሪካ ጎሾች፣ ለብዙ ዘመን ሲታከኩበት ኖረዋል። ጠርዙ በጎመን ዘር የታሸ ምጣድ መስሏል። ከሥሩ ዙሪያውን መሬቱ በሰኮና ተረግጦ ጎድጉዷል። ታናሹ ልጇ ጉንጩን ለጥፎበት አልላቀቅም አለ። ማታ ደግሞ ሰማዩ። ፓርኩ ከ2009 ጀምሮ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተሰይሟል። ልጆቿ ኮከብ ያን ያህል እንደሚበዛ አያውቁም ነበር። ሲመለሱ ሰማያዊ አበባ ያወጣ የተልባ ማሳ ውስጥ ገብተው ፎቶ እንደተነሱም ጨምራ ጻፈች። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በኋላ ጣጣ አመጣች።

ቁጥር 4 በአክብሮት አረማት። ባይሰኖቹ ከድሮ ጀምሮ እዚያው የኖሩ አስመስላ ነበር። የዱር ባይሰን ከካናዳ ሜዳ የጠፋው በ1880ዎቹ ነው። አሁን ያሉት ከኤድመንተን ምሥራቅ ካለው ኤልክ አይላንድ ብሔራዊ ፓርክ በዲሴምበር 2005 የመጡ 71 እንስሳት ዘር ናቸው። ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፣ መንገድ ላይ ከቆሙ ደግሞ መኪና ውስጥ ጠብቁ አለ። እሷም አመሰገነች። ክሩ እስከዚህ ድረስ እንዲህ ጨዋ ነበር።

ቁጥር 5 የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ እባብ አለ ወይ? ቁጥር 6 ነርስ ናት፤ አዎ አለች። ጭራውን የሚያንኳኳው መርዘኛ እባብ አለ። ሰውን አያሳድድም፣ የሚነድፈውም ሲረገጥ ወይም ሲነካ ነው። ረጅም ሱሪ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ እጅን ጉድጓድ ውስጥ አለመክተት። ሞት ብርቅ ነው፤ ግን ዋናው ሆስፒታል ስዊፍት ከረንት ስለሆነ አትቀልዱ አለች። መዥገሩ በጸደይና በበጋው መግቢያ ነው የሚብሰው። በፕሪየሪ ዶጎቹ ላይ በ2010 ፕሌግ የሚባለው ቸነፈር ባክቴሪያ ተገኝቶ ስለነበር ጉድጓዱ አጠገብ መቀመጥም ሆነ ውሻ መልቀቅ አይገባም። እንዲህ ዓይነት መልስ ነው ሰውን የሚጠቅመው።

ቁጥር 7 እህል ጫኝ ሾፌር ናቸው፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ። ሁላችሁም ፓርክ ፓርክ ትላላችሁ፣ የመንደሩን ጎተራ ያየ የለም ወይ ብለው ጀመሩ። ከሩቅ የሚታየውን ረጅሙን የእንጨት ጎተራ ማለታቸው ነው። አሠራሩን ልክ እንደሚያዩት ጻፉት። ገበሬው እህሉን ይዞ በአንዱ በር ይገባል። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ይቆማል። ከዚያ እህሉ ወደ ታች ጉድጓድ ይፈስሳል። ትንንሽ ባልዲ የተደረደረበት ቀበቶ ከጉድጓዱ እየቀዳ እስከ ጣሪያው ያወጣዋል። ከላይ ሆኖ በየክፍሉ ይከፋፈላል፤ ስንዴው ለብቻ፣ ገብሱ ለብቻ። ባቡር ሲመጣ በራሱ ክብደት ወደ ፉርጎው ይወርዳል። በፈረስ ጋሪ ዘመን ገበሬው ደርሶ በቀኑ እንዲመለስ ስለተፈለገ ጎተራዎቹ በሐዲዱ ዳር ተቀራርበው ነው የተሠሩት። በ1930ዎቹ በሦስቱ የሜዳ ክፍላተ ሀገር ከ5,700 በላይ ነበሩ። ዛሬ የቀሩት በመቶዎች ነው የሚቆጠሩት።

ለምን ጠፉ? ከ1897 ጀምሮ የእህልን የባቡር ክፍያ ዝቅ አድርጎ የያዘ ደንብ ነበር። በ1995 ሙሉ በሙሉ አበቃ። ትንንሾቹ የባቡር ቅርንጫፎች አያዋጡም ተብለው ተነቀሉ። ኩባንያዎቹም በዋናው ሐዲድ ላይ ትልልቅ የሲሚንቶ ጎተራ ሠሩ። እህሉ አሁን በከባድ መኪና ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጎተራው ሲዘጋ ሱቁ፣ ሱቁ ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ ይከተላል። እሳቸው ራሳቸው እንጀራ ያገኙት መንደሮቹ በተዘጉበት ምክንያት መሆኑን ሳይሸሽጉ ጻፉ። ምን ይደረግ፣ የእንጀራ ነገር ነው ብለው አለፉት።

ቁጥር 8 የአርሲ ልጅ ነው፤ ኮምባይነር እያየ ነው ያደገው። እዚያ ያለው ዱረም፣ ለፓስታ የሚሆነው ስንዴ፣ መሆኑን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። የኛው አገር የዱረም ብዙ ዝርያ መገኛ ነው አለ፤ እውነቱን ነው። በሜይ ይዘሩታል፣ ከኦገስት አጋማሽ እስከ መስከረም ያጭዱታል። ቁጥር 9 ግን ቫል ማሪ አካባቢ ከእህሉ ይልቅ ከብቱ ያመዝናል ብሎ አስተካከለው፤ ምክንያቱ ድርቅ ነው። ጆን ፓሊሰር የሚባል አሳሽ ከ1857 እስከ 1860 አገሩን ዞሮ ይህ ጥግ ለእርሻ ደረቅ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም፣ መሬቱ ተታረሰ። በ1930ዎቹ አፈሩ በነፋስ ተነሥቶ ሄደ። መንግሥት በ1935 የሜዳ እርሻ ማገገሚያ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ የተራቆተውን ወደ ጋራ ግጦሽ መለሰ። ፌዴራሉ ከ2012 በኋላ እጁን ከግጦሹ አውጥቷል። አሁን አርቢዎቹ በኪራይ ያስተዳድሩታል።

ከቁጥር 10 እስከ 13 ክሩ ወደ ማጀት ገባ። አንዷ የምስር ዋጋ ናረ ብላ ጀመረች። ሌላው ካልጋሪ ሐበሻ ሱቅ የምትገዛው ቀይ ምስር ራሱ የሳስካችዋን ነው አላት። የካናዳ ምስር አብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው። ሦስተኛው ከሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የወጣውና ሌርድ የተባለው ዝርያ በ1978 ከተለቀቀ በኋላ ነው ምስሩ የተስፋፋው አለ። ያው ዩኒቨርሲቲ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጥራጥሬ ላይ ለዓመታት አብሮ ሠርቷል። ሰናፍጩም፣ ተልባውም፣ ለክክ የሚሆነው አተርም ከዚያው ሜዳ ነው። አራተኛው ስለ በርበሬ ዋጋ ማማረር ሲጀምር አስተዳዳሪው ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ።

ቁጥር 14 የልጆች ነገር ስለሆነ አጭር ናት። ሁለት ሰዓት ያህል በስተምዕራብ ኢስትኤንድ የምትባል ከተማ አለች። በ1991 እዚያ አጠገብ የተገኘው የቲ ሬክስ ዳይኖሰር ስኮቲ ይባላል። በ2019 የወጣ ጥናት ክብደቱን ከ8,800 ኪሎ በላይ ገምቶ እስከዚያ ከታወቁት ቲ ሬክሶች ትልቁ አድርጎታል። የአጽሙን ቅጂ በሙዚየሙ ቆሞ ታያላችሁ። ዳይኖሰር የሚወድ ልጅ ላለው ሦስተኛው ቀን እዚያ ተፈታ።

ከቁጥር 15 ጀምሮ ነገር ከረረ። ጸሐፊው ምን ደስ ብሎን ነው የምናደንቀው አለ። መሬቱን መንግሥት ከ1872 ጀምሮ በ10 ዶላር መመዝገቢያ 160 ኤከር 160 ኤከር እየቆረሰ ለሰፋሪ አደለ። ከእጁ የተነጠቀውን ነባር ሕዝብ ግን የሚያነሣ የለም አለ። ቁጥር 16 ልክ ነህ፣ ግን ጎደለህ አለው። አገሩ መንግሥት ከነባር ሕዝቦች ጋር በ1874 የተፈራረመው የአራተኛው ውል መሬት ነው። የላኮታ ነባር ሕዝብ መሪ ሲቲንግ ቡል የአሜሪካን ጦር ካሸነፉ በኋላ በ1877 ሕዝባቸውን ይዘው የተጠለሉት ከዚያው በስተምሥራቅ በዉድ ማውንቴን ነው። በ1881 ረሃብ አስጨንቆ መለሳቸው። ያልተመለሱት የላኮታ ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ። ፓርኩ ውስጥ በሜዳው ላይ ክብ ሆነው የተደረደሩ ድንጋዮች ታያላችሁ። የድንኳን ዳር መያዣ ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ድንጋይ አንሥታችሁ አትውሰዱ፣ አታዛውሩም አለ። ቁጥር 17 ለሽርሽር ጠየቀ እንጂ ታሪክ አስተምሩኝ ብሏል ወይ ብላ ቆጣ አለች። 15ኛው ተመልሶ ሰደባት። ስድቡ ተሰርዟል፣ ደግ ተደረገ። እኔ በበኩሌ የ16ኛውን መልስ ይዣለሁ። ልጆቼን ወደ ድንጋዩ ክብ ይዤ እሄዳለሁ።

ቁጥር 18 የዚህ ክር ዋና ሰው ነው። እዚያው አካባቢ በአንድ ከብት እርባታ ለዓመታት ሠርቷል። የገባው ተናዶ ነው። 3ኛዋን የተልባ ማሳው ውስጥ በማን ፈቃድ ገባሽ አላት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሳስካችዋን ሕግ ወደ እርሻ መሬት ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። አጥር የለም፣ ምልክት የለም ማለት አያድንም። ጫማና ጎማ የአረምና የበሽታ ዘር ከማሳ ማሳ ያዛውራል። በደረቅ ሣር ላይ የቆመ መኪና በጋለ ጭስ ማውጫው ሜዳ ያቃጥላል።

ከዚያ የበሩን ታሪክ አመጣ። የእርባታው በር ተከፍቶ ካገኛችሁት ክፍት፣ ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝግ ተዉት አለ። አንድ ቀን ጎብኚ የተዘጋውን ከፍቶ ገብቶ እንዲሁ ትቶት ሄደ። የሁለት ጎረቤት ከብት ተደባለቀ። ጊደሮቹ ያልታሰበላቸው ኮርማ ዘንድ ደረሱ። ምልክታቸውን እያዩ መለየት ሙሉ ቀን ፈጀ። ላሞቹ ሳይሆኑ ጥጆቹ ናቸው ያስቸገሩት፤ እናት በዚህ፣ ጥጃ በዚያ ሆኖ ሌሊቱን ሲጮሁ አደሩ። የዘር ወቅቱ ስሌትም ተበላሸ። ጎብኚው ግን ቆንጆ ፎቶ አንሥቶ ይሆናል አለ።

3ኛዋ ከፋት። ቁጥር 19 ነገሩ እውነት፣ አነጋገሩ ግን ለእህት አይገባም አለ። ልክ ነው። ቁጥር 20 ግን ሌላ ጉዳይ አነሣ። ለኛ ለጥቁሮች ነገሩ ሕግ ብቻ አይደለም አለ። አንድ ጊዜ መንገድ ጠፍቶት የጠጠር መንገድ ዳር ቆሞ ካርታ ሲያይ ፒክአፕ የሚነዳ ሰው መጥቶ ከኋላው ቆመ። ምንም አልተናገረም። ሲነሣ ተከተለው፣ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ። 18ኛው እዚያ ለማያውቁት መኪና ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ናፍጣና መሣሪያ ስለሚሰረቅ ይጠራጠራሉ ብሎ መለሰ። መድኃኒቱ ቀድሞ ውረድ፣ እጅህን አንሥተህ ሰላም በል፣ ጠፋሁ በል ነው አለ። 20ኛው አልተቀበለውም። መጀመሪያ እኔ ማስረዳት ያለብኝ ለምንድነው አለ። ይህን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም። እኔም መልስ የለኝም።

ቁጥር 21 ፓርኩ ባይኖር ገበሬው ሁሉንም አርሶት ነበር አለ። 18ኛው ዝም የሚል ሰው አይደለም። ሣሩ እስከዛሬ የቆየው አርቢው ስላላረሰው ነው አለ። ፓርኩ መሬቱን እየገዛ ከብቱን አስወጣ። ጥበቃ ማለት አለመንካት መስሏቸው ነበር። ይህ ሣር ግን ከባይሰንና ከእሳት ጋር ነው የኖረው። ሳይጋጥ ሲቀር የከረመው ደረቅ ሣር ይቆለላል፣ አዲሱ ብርሃን ያጣል። አጭር ሣር የሚወዱት ወፎች ይሸሻሉ። ኋላ ላይ ባይሰኑ መጣ፤ በአንዳንድ ቦታም ለግጦሽ የከብት መንጋ ራሱ ተመልሶ ገባ። አርቢው ከመጀመሪያው የሚያውቀውን ለመስማት ሃያ ዓመት ያስፈልግ ነበር ወይ አለ። ይህን መልስ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ወደዚያ የምሄድበትን ምክንያት የቀየረልኝ እሱ ነው።

ቁጥር 22 ለሁለቱም ወገን ሚዛን ይዞ መጣ። ፌዴራሉና ክፍለ ሀገሩ የተስማሙት በ1981 ነው። መሬት የሚገዛው ልሽጥ ካለ ሰው ብቻ ነው፤ ማንም አልተነቀለም። ፓርኩ በሕግ የጸናው በ2001 ነው። ቅሬታው ግን ከንቱ አይደለም። በ2013 ፌዴራል መንግሥት ሊጠፋ ለተቃረበው የሜዳ ወፍ፣ ለሴጅ ግራውስ፣ አስቸኳይ የጥበቃ ትእዛዝ ሲያወጣ አርቢዎች ሳንጠየቅ ታሰርን ብለው ተቆጥተዋል። ቁጥር 23 ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለ። እንዲህ የሚል ሰው በየክሩ አይጠፋም።

ቁጥር 24 እርሻ ልግዛ እያሰብኩ ነው ብሎ ብቅ አለ፤ ታክሲ ሰልችቶታል። ቁጥር 25 ሳቀበት። ቁጥር 26 ግን በቁም ነገር መለሰለት። የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው መግዛት ይችላል። ለሌላው የክፍለ ሀገሩ ሕግ ከ10 ኤከር በላይ አይፈቅድም። ችግሩ መጠኑ ነው፤ በሳስካችዋን አማካዩ እርሻ ከ1,700 ኤከር በላይ ነው። ኮምባይነር ብቻውን ካልጋሪ ቤት ይገዛል አለው። 24ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ቁጥር 27ን ሁለተኛውን ጥያቄዬን የመለሰችልኝ እሷ ስለሆነች ልብ ብላችሁ አንብቡ። በባለቤቷ ሥራ ምክንያት በዚያው አቅጣጫ በአንዲት ትንሽ መንደር ኖራለች። ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል። ልጆቿ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሰዓታት ነድተው ነው። የመጀመሪያው ዓመት አለቀሰች። ከዚያ ሰው ለመደች። ከመስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሚታይ ኑሮ አይደለም አለች። በመኸር ማዘጋጃ አዳራሹ ውስጥ ቱርክ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚበላበት እራት ይዘጋጃል፤ ሴቶቹ ፓይ ይጋግራሉ፣ ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል፣ እንግዳ በደንብ ይስተናገዳል። ቱርክ ስትሉ ዶሮ ወጥ አትጠብቁ አለች። ክረምት በረዶ ሜዳው ላይ ከርሊንግ፣ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ ነው። በጸደይ መጨረሻ ጥጃ ምልክት ሲደረግበት ጎረቤት ተጠራርቶ ይመጣል፤ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ይከትባል፣ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ባለቤቱ ያበላል። ደቦ ነው በቃ። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የሌላው ነው።

ማዘጋጃውንም እሷ ነች ያስረዳችው። በሳስካችዋን 296 የገጠር ማዘጋጃዎች አሉ፤ ስምና ቁጥር አላቸው። መሪው ሪቭ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ገበሬ ወይም አርቢ ነው። ዋና ሥራቸው መንገድ ነው። መንገዱ ጉድጓድ ሲሆን ሰው ሪቩን ቤቱ ደውሎ ይቆጣዋል። የጠጠሩ መንገድ በአንድ ማይል ካሬ በተለካ መሬት ዙሪያ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ መጥፋት ይከብዳል አለች። 20ኛው ግን እኔ ጠፍቻለሁ ብሎ ከሥሯ ጻፈ። እዚያ ላይ ሁላችንም ሳቅን፣ ነገሩም ትንሽ በረደ። ዝናብ ከዘነበ ግን የጭቃውን መንገድ አትሞክሩት፤ ጎማ ላይ ተጠቅልሎ መኪናውን ያቆማል።

ቁጥር 28 የጾም ምግብ አለ ወይ አለች። መልሱ የለም ነው። የከብት አገር ነው፤ ድንች ጥብስ ታገኛላችሁ። ሽሮና ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥር 29 ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግራቬልበርግ የሚባል ከተማ ውስጥ ለእመቤታችን ፍልሰታ የተሰየመ ትልቅ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ጠቆመ። ሻርል ማያር የተባሉ ቄስ ከ1921 እስከ 1931 ውስጡን በሙሉ በሥዕል ሞልተውታል። ከዚያ ሁለት መልስ ስለ ቅብ አሣሣል ክርክር ነው፤ ዘልዬዋለሁ።

ቁጥር 32 ያው 2ኛው ሰው ነው። ይህ ሁሉ ተወርቶ አሁንም አንድ ተራራ አልጠራችሁልኝም አለ። ሾፌሩ፣ 7ኛው፣ በቁጥር 33 ሰብዓ ማይል ቢዩት የሚባል ከመንደሩ ትንሽ ወረድ ብሎ የሚገኝ ጉብታ አለ፣ በእግርህ ወጥተህ ዙሪያውን እይ፣ ከዚያ ተመለስና እንነጋገር ልጄ አሉት። መልስ አልሰጠም።

ቁጥር 34 ቀን ቆርጦ መጣ። ረጅሙ ዊኬንድ የኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ ፍልሰታ የሚገባው በኦገስት 7 ስለሆነ ሥጋ የፈለገ ቀድሞ ይበላል። ድንኳን የሌለው በፍሬንችማን ሸለቆ ካምፕ ኦቴንቲክ የሚባሉትን የተተከሉ ድንኳን ቤቶች አሁኑኑ ይያዝ፣ ቶሎ ነው የሚያልቁት። ከመነሣታችሁ በፊት የእሳት እገዳ መኖሩን አጣሩ፤ እገዳ ካለ ከሰሉን ቤት ተዉት። እስካሁን ሦስት ቤተሰብ ተመዝግበናል፤ ባለቤቴም እሺ ብላለች። 18ኛው የድሮ አሠሪውን ጠይቆ ልጆቹ ከብቱን ቀርበው እንዲያዩ ሊያስፈቅድ ነው። የተሸፈነ ጫማ፣ ከሦስት መኪና ያልበለጠ፣ ውሻ የለም ብሏል። የሚመጣ ሰው ከዚህ በታች ስሙን ሳይሆን የሰዉን ብዛትና ከየት እንደሚነሣ ይጻፍ።